«ሲስተም የለም» መልስ አይደለም

ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወደ አማርኛ ከገቡ አባባሎች ውስጥ እንደ «ሲስተም የለም» የተሳካለት ያለ አይመስለኝም። ባንክ ስትሄዱ ሲስተም የለም። ወረዳ ስትሄዱ ሲስተም የለም። የመብራት ካርድ ልታስሞሉ ስትሄዱ፣ ነዳጅ ማደያ ሁለት ሰዓት ተሰልፋችሁ ተራችሁ ሲደርስ፣ በቀጠሮ የያዛችሁትን ጉዳይ ልትጨርሱ ከሥራ አስፈቅዳችሁ ስትቀርቡ፣ ሲስተም የለም። እኛም «መቼ ይመጣል?» ብለን እንጠይቃለን፤ እንደ ዝናብ፣ እንደ ውኃ ፈረቃ። ማን አጠፋው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የአባባሉ ብልኃት እዚህ ላይ ነው፤ ባለቤት የለውም። «ዘግተነዋል» ቢሉ የዘጋ ሰው አለ። «ተበላሽቶብናል» ቢሉ የተበላሸበት አለ። «የለም» ሲሉ ግን የሚጠየቅ ሰው አብሮ ይጠፋል።

ይህን የምጽፈው ስለ መቆራረጡ አይደለም። ማሽን ይበላሻል፤ ሀብታም አገርም ይበላሻል። የምጽፈው ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ኪሳራው ለምን ሁልጊዜ በእኛ በኩል እንደሚወድቅ ነው።

ሜክሲኮ አደባባይ ቆማችሁ ወደ ሰንጋ ተራ ቀና ብትሉ የአገሪቱን ገንዘብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል። በዙሪያው የሌሎች ባንኮችና ኢንሹራንሶች መስተዋት ያብለጨልጫል። ከዚያ ዓይናችሁን ወደ አስፋልቱ ስትመልሱት «ጦር ኃይሎች! ሳር ቤት!» የሚል ረዳት፣ ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ የጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ታገኛላችሁ። ረዳቱ ሲቀር (ታክሲ አሁንም ጥሬ ብር ነው የሚወደው) ሌሎቹ የሒሳብ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ሰቅለዋል።

ቡና የምታፈላዋ ጋ የሚሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። ሰውዬው ሁለት ሲኒ ጠጥቶ፣ ጓደኛውንም ጋብዞ፣ በስልኩ ይልካል። «ገባ?» ይላል። «አልገባም» ትለዋለች። «እንዴ! ይኸው ተቆርጧል እኮ!» ብሎ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ያደርስላታል። እሷ ደግሞ ከዚህ በፊት በተቀናበረ ደረሰኝ ተበልታለች፤ የሰው ስልክ ላይ ያየችውን ማመን ትታለች። አምስት ደቂቃ ይጠብቃሉ። ቴክስት አይመጣም። ሰውዬው አንድም እንደገና ይከፍላል፣ አንድም ተቆጥቶ ይሄዳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ገንዘቡን የያዘው ሦስተኛው ወገን ግን በቦታው የለም፤ እነሱ ሲጨቃጨቁ እሱ ስልሳ ብሩን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንደዚህ ዓይነት ጠብ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ የሚቆጥር አላየሁም።

የራሴንም በአጭሩ ልንገራችሁና ልለፈው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የቤት ኪራይ ላክሁ። ከእኔ ተቆረጠ፤ አከራዬ ጋ አልደረሰም። የላክሁበት ባንክ «24 ሰዓት ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅሁ። «72 ሰዓት» አለኝ። ጠበቅሁ። ከዚያ ፎርም። ከዚያ «ከእኛ ወጥቷል፣ የተቀባዩን ባንክ ጠይቅ።» የተቀባዩ ባንክ «እኛ ጋ አልገባም፣ የላኪውን ጠይቅ።» ከሁለቱ መሐል ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ የሚያስተዳድረው ሌላ ድርጅት ነው፤ እዚያ ደግሞ እኔ ደንበኛ አይደለሁም፣ ስለዚህ አቤት ማለት አልችልም። በ31ኛው ቀን ብሩ ተመለሰ። «ይቅርታ» የሚል መልእክት አልመጣም፣ ምክንያቱም አልተነገረኝም። ኪራዩን የከፈልሁት ተበድሬ ነበር። የባንኮቹን ስም አልጠራም፤ ብጠራም ግማሾቻችሁ «የእኔም ባንክ እንዲሁ ነው» ብላችሁ ስለምትጽፉ ጥቅም የለውም።

አሁን ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ሲሆን ምን እንደሚመስል እናስታውስ።

መጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የንግድ ባንክ ሲስተም ተዛባ። ባንኩ ራሱ እንደተናገረው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ በራሱ የሲስተም ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር ነበር። ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ እንደሚችሉ ያወቁ ሰዎች፣ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ወሬውን በስልክና በመልእክት ተቀባብለው ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። እስኪነጋ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ቀጥሎ የሆነውን አትረሱትም። ባንኩ እያንዳንዱን ብር፣ እያንዳንዱን ሒሳብ፣ እያንዳንዱን ሰዓት ያውቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ። ያልመለሱ ከ500 በላይ ሰዎች ስም ዝርዝር በይፋ ተለጠፈ፤ በየቅርንጫፉ በር ላይ ፎቶ ተሰቀለ። ወሩ ሳያልቅ ከወጣው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተመልሷል ተባለ።

የወሰዱትን አልከላከልም። የራሳቸው እንዳልሆነ እያወቁ ነው የወሰዱት፣ መመለስም ነበረባቸው። እኔን ያስገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ስህተቱ ባንኩን ሲጎዳ ሲስተሙ ሁሉን አዋቂ ይሆናል፤ ማን፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ፣ ስንት ብር፣ ወደ ማን። ስህተቱ ያችን ቡና አፍይ ሲጎዳ ግን ያው ሲስተም «ማጣራት ያስፈልገዋል» ይላል፤ የስልሳ ብር መንገድ ለመከታተል 24 ሰዓት፣ 72 ሰዓት፣ 31 ቀን ይፈልጋል። መዝገቡ አንድ ነው። አንድ ሌሊት 800 ሚሊዮን ብር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የተከታተለ መዝገብ የአንድ ሰው ኪራይ የት እንደቆመ አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል?

በር ላይ ስለተሰቀለው ፎቶም አንድ ነገር ልበል። በዚያው 2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የባንክ ደንበኛ ፎቶ በቅርንጫፍ በር ላይ የሚለጠፍበት አገር ውስጥ የወጣ አዋጅ መሆኑን ሳስብ ሳልወድ እስቃለሁ። እስኪ ደግሞ ተገላቢጦሹን አስቡት፤ ደንበኞች የብር ዝውውራቸውን ለአንድ ወር የያዘባቸውን ባንክ የሥራ ኃላፊዎች ፎቶ አትመው ሜክሲኮ አደባባይ ቢለጥፉ በስንት ደቂቃ ይያዛሉ?

«አትጠቀምበት፣ ማን አስገደደህ?» የሚል አይጠፋም። መንግሥት ነዋ ያስገደደኝ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው። የባንክ ሒሳብ ልክፈት ያለ ሰው ፋይዳ ይጠየቃል። ከባንክ የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ጣሪያ ተጥሎበት ነበር። የመንግሥት ክፍያዎች አንድ በአንድ ወደ ስልክ እየተሻገሩ ነው። ሱቅ ገብቶ ዋጋው ያልጣመው ሰው ወጥቶ መሄድ ይችላል፤ በግዴታ የተገባበት ሱቅ ግን ሱቅ አይባልም። አስገድዶ ያስገባ ሰው ደግሞ የአቤቱታ በር የመክፈት ዕዳ አለበት። እኔ የማውቀው ሕግ ይህን ነው፤ የእንግዳ ሕግም ቢሆን ይህንኑ ይላል።

ከጥሬ ብርና ከሰልፍ ዘመን ተመልሰን እንኑር እያልሁ አይደለም። የስልክ ሒሳብ ለመክፈል ግማሽ ቀን ይቆም የነበረበትን ጊዜ ደርሼበታለሁ። ገጠር ላለች እናት ብር የሚላከው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነበር፤ ረዳቱ ከታመነ ይደርሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስንቶቻችን እንዳሾፍን ትዝ ይለኛል፤ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው ይላል፣ እኔም አንዱ ነኝ። ነገሩ ጠቅሟል። ግን ያ የአውቶቡስ ረዳት፣ ብሩን ቢያጠፋው፣ በሳምንቱ አውቶቡስ ተራ ሄዳችሁ ኮሌታውን ልትይዙት ትችሉ ነበር።

የድሮ ዳኝነታችን ስንት ጉድለት ነበረው፤ ግን አንድ ነገር ገብቶት ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ ቁራኛ ይያዙ ነበር። ነጠላ ከነጠላ ተቋጥሮ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አንድ አላፊ አግዳሚ አስቁመው ዳኛ ያደርጉት ነበር። «በሕግ አምላክ!» ከተባለ ሮጦ የሚያመልጥ ቢኖር ነውረኛ ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው ተከሳሹ ፊት ለፊት ስላለ ነው። አሁን ነጠላችሁን ከአፕ ጋር ቋጥሩት እስኪ! የሚያነጋግራችሁ መስኮት ውስጥ ያለችው ልጅ ናት፤ እሷም እንደእናንተ ሲስተሙን የምታየው በስክሪን ነው፣ የመመለስ ሥልጣን የላትም፣ በቀን መቶ ሰው ይሰድባታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ስድቡን የሚያገኘው ሲስተሙን የገዛው፣ የሞከረው፣ ሳይበቃ ያስጀመረው ሰው አይደለም። እሱ ከላይ፣ ከመስተዋቱ ጀርባ ነው።

(ሜክሲኮ የሚለው የሰፈራችን ስም ራሱ የአቤቱታ ታሪክ አለበት። ጣልያን ሲወረን በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ድረስ ሄደን አቤት ስንል አብዛኛው ዓለም ጆሮውን ደፈነ። ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ አደባባዩ በስሟ የተሰየመው ለዚህ ውለታ ነው። አቤቱታ የሰማ ሰው እዚህ አገር ስሙ አደባባይ ላይ ይቀመጥለታል፤ ባንኮቻችን በየቀኑ በዚያ አደባባይ ያልፋሉ።)

የአገር ውስጡ ይህን ከመሰለ የውጭው ይብሳል። አገር ውስጥ ቢያንስ ሕንፃው ይታያል። ሜክሲኮ አካባቢ ልብስ የምትሸጥ የማውቃት ልጅ አለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደገችውን ገጽ ከትልልቆቹ መድረኮች በአንዱ ላይ ሌቦች ወሰዱባት። በስሟ ቅድሚያ ክፍያ እየተቀበሉ ዕቃ ሳይልኩ ይጠፉ ጀመር። ተበዪዎቹ ሱቋ ድረስ መጥተው ሰደቧት፤ አንዱ ፖሊስ ይዞ መጣ። መድረኩን ስታመለክት «ማንነትሽን አረጋግጪ» አላት፣ መታወቂያዋን ላከች፤ መታወቂያው የአማርኛ ስለሆነ ይሁን በሌላ ምክንያት አይታወቅም፣ «ማረጋገጥ አልቻልንም» የሚል መልስ መጣ። ደግማ ላከች፤ ያው መልስ፣ ቃል ሳይቀየር። በሌላኛው ጫፍ ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አታውቅም። መጨረሻ ላይ «አስመልሳለሁ» የሚል ደላላ በቴሌግራም አግኝታ ከፈለችው። እሱም በላት።

ልብስ ሻጭዋ የጠፋባት ገበያ ነው። ሕይወት የጠፋበትም አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው እየተለጠፈ ሲወነጀሉ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። ከልጥፎቹ አንዱ ደንብ እንደሚጥስና እንደተነሳ የሚገልጸው መልስ የመጣለት አባቱ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ልጅየው ክሱን የመሠረተው ናይሮቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022። ለምን ናይሮቢ? ለእኛ አካባቢ ቋንቋዎች ልጥፎችን የሚቆጣጠሩ ሠራተኞች ለሜታ በተቋራጭ የሚሠሩት እዚያ ስለነበር ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚንኳኳ በር የለም። ሜታ ለፍርድ ቤቱ ያቀረበውን መከራከሪያ አስተውሉ፤ ኬንያ ውስጥ የተመዘገብሁ ኩባንያ አይደለሁም፣ ስለዚህ እዚህ ልትዳኙኝ አትችሉም የሚል ነበር። እኛ ደጅ ሲስተም የለም፤ እዚያ ደግሞ ኩባንያው የለም! የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፣ ከግድያው ሦስት ዓመት ተኩል በኋላ የተወሰነው «ክሱ ይሰማ» የሚለው ብቻ ነው።

ታዲያ የእኛ መንግሥት በነዚህ መድረኮች ላይ አቅም የለውም? አለው እንጂ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክን፣ ቴሌግራምን፣ ቲክቶክንና ዩቲዩብን በአንድ ቀን ዘግቶ አምስት ወር ያህል ቆልፎ ማቆየት ችሏል። በዚያ ጊዜ ስንቱ ነጋዴ በቪፒኤን ሲንፏቀቅ እንደከረመ፣ ስንቱስ ገበያውን እንደዘጋ ይታወሳል። የትግራይ ሕዝብ በጦርነቱ ዘመን ባንክም ስልክም ተቋርጦበት የገዛ ገንዘቡን ሳያገኝ ወደ ሁለት ዓመት ኖሯል። አማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል፤ በስልኩ ውስጥ ያለው ብር ቁጥር ብቻ የሆነበትን ሰው ጎንደርና ደሴ ሄዳችሁ ጠይቁ። የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ ቁጥር 1185/2012፣ መድረኮቹ ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ጽሑፍ እንዲያነሱ ይጠይቃል። ለማንሳት 24 ሰዓት ተቆጥሯል። ለመዝጋትም ቁልፉ አለ። ገጿን የተሰረቀች ነጋዴ በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ ታግኝ የሚል ግን የትም አልተጻፈም። አቅሙ ሁልጊዜ የሚገኘው ለመዝጋት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚወጣበት ቻናልም ነገ ጠዋት ቢጠፋ እኔም እናንተም የምንደውልበት ቁጥር የለንም።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፤ እኔን ከሁሉም በላይ የምታናድደኝ እሷ ናት። ባንካችሁ ገንዘብ ሲቆርጥባችሁ የሚልከውን ቴክስት አውጥታችሁ እዩት። ብዙዎቻችሁ የምታገኙት «ዲር ከስተመር፣ ዩር አካውንት ሃዝ ቢን ዴቢትድ» የሚል ነው። ይህን የሚያነበው መርካቶ በርበሬ የሚሸጡ አባት ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን እየጠሩ። አጭበርባሪው ሲደውልላቸው ግን በጥሩ አማርኛ ነው የሚያናግራቸው፤ «አባባ፣ ከባንክ ነው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላቸዋል። ባንካቸው በባዕድ ቋንቋ፣ ሌባቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው። ምክንያት የሚሆን ነገር አለው፤ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፣ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ነው። ስለዚህ አማርኛው ለሁለት ተከፍሎ ሊሄድ ይችላል፤ ወጪ አለው። ታዲያ ወጪው ስንት ነው? ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፣ የሃያ አምስት ዓመት ነገር ነው። ደግሞም ሰባ ሆሄ ትንሽ አይደለም። «ከሒሳብዎ 500 ብር ወጥቷል። እርስዎ ካልሆኑ አሁኑኑ ይደውሉ።» ይኸው፤ ቁጠሩት፣ ሰባ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ አባባ ሲጭበረበሩ ባንኩ ምን ይላል? «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ ብለናል።» አዎ ብላችኋል፣ በእንግሊዝኛ። ጥፋቱን ተጠቃሚው ላይ መጣል በሌላው ዓለምም የቆየ ልማድ ነበር፤ እየቀረ ነው። እንግሊዝ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተታልሎ በራሱ እጅ ገንዘብ ለላከ ደንበኛ እንኳ ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ እንዲክሱ አስገድዳለች። እሱ የሀብታም አገር ነው እንበል። ጎረቤት ኬንያ በስህተት የተላከ የኤምፔሳ ብር ለማስመለስ የመጣላችሁን መልእክት ወደ 456 ታስተላልፋላችሁ፤ ቅርንጫፍ አትሄዱም፣ ፎርም አትሞሉም። ሁልጊዜ ይሳካል አይደለም። ግን በር ነው፤ ሦስት አሃዝ ያለው በር።

እኔ ግን የምቀናው በሕንድ ነው። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. አንድ መመሪያ አወጣ። ኤቲኤም ከሒሳባችሁ ቆርጦ ብሩን ካልሰጣችሁ፣ ባንኩ በአምስት ቀን ውስጥ ይመልስ። ካለፈ ለእያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ይክፈላችሁ። በስልክ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የተላከ ብር ካልደረሰ ደግሞ የሚሰጠው አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያው 100 ሩፒ በየቀኑ። ዋናው ነገር ካሳው የሚከፈለው ደንበኛው አቤት እስኪል ተጠብቆ አለመሆኑ ነው። ሲስተሙ የራሱን ስህተት ያውቃል፣ ስለዚህ ሲስተሙ ራሱ ይክፈል። ሕንድ ውስጥ ስንት መቶ ሚሊዮን ሰው በስልክ እንደሚከፍል አስቡ፤ እዚያ የተቻለ ሜክሲኮ ላይ የማይቻለው ለምንድን ነው?

ባንኮቻችን «ወጪው ይከብደናል» እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ናቸው፣ ይከብዳቸዋል፤ የተፈለገውም እሱ ነው። ዛሬ የእኔ ብር 31 ቀን ቢቆም ባንኩ የሚያጣው ምንም የለም፣ እንዲያውም ይዞት ይቆያል። በየቀኑ የሆነ ያህል ብር ቢከፍልበት ግን በሦስተኛው ቀን የአይቲ ክፍሉ ወንበር ላይ እንቅልፍ አይኖርም። ማንም ባንክ ከደግነት የተነሳ ሲስተሙን አላስተካከለም፤ ለተቀማጭና ለሎተሪ ማስታወቂያ የሚወጣውን ብር በዓይናችን እያየን ነው።

ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ ባንክ ለደንበኛው አቤቱታ ሥርዓት ሊኖረው እንደሚገባ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ አለን ማለት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም፣ ቁጥር 813/2006፣ አሥር ዓመት አልፎታል። ስለዚህ «ሕግ የለም» አንልም። የጎደለው በቀንና በብር የተለካ ግዴታ ነው። የቆመ ዝውውር በሁለት ቀን ይመለስ፤ ካለፈ በየቀኑ ይህን ያህል ብር። አቤቱታ የተቀበለ ሠራተኛ ቁጥር ይስጥ፣ ቁጥሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ በሚገባ ቴክስት ስልኬ ላይ ይምጣ። ሁለት ባንኮች ሲጠቋቆሙ ደንበኛው ኳስ አይሁን፤ የላክሁበት ባንክ ይመልስልኝና ከሌላው ጋር እሱ ይፈላለግ። በዲጂታል ብቻ ክፈሉ ያለ መሥሪያ ቤት፣ ሲስተሙ የሌለ ቀን፣ በጥሬ ብር ይቀበል፤ ቅጣትም አይቁጠር።

ይህ እስኪሆን ድረስ የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ፤ የድሮ የቢሮ ዘዴ ነው፣ አሁንም ይሠራል። ብር ሲቆምባችሁ በቃል ብቻ አትጠይቁ። ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የዝውውር ቁጥር ያለበት አንድ ገጽ ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ። ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ አስገቡና በቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። «አያስፈልግም፣ ሲስተም ላይ አስገብተነዋል» ይሏችኋል። እሺ በሉና ቆማችሁ ማኅተሙን ጠብቁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ብሔራዊ ባንክ የሚሄድ ሰውና «ልጅቷ ነግራኝ ነበር» የሚል ሰው አንድ አይደሉም።

ለብሔራዊ ባንክም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ወጪ የለውም። ባንኮች የተቀማጭና የትርፍ ቁጥራቸውን በየጊዜው በጋዜጣ ያወጣሉ፤ እናነባለን። ከአጠገቡ አንድ ዓምድ ይጨመር፤ በሩብ ዓመቱ ስንት ዝውውር እንደቆመ፣ ስንቱ እንደተመለሰ፣ በአማካይ በስንት ቀን፣ በየባንኩ ስም።